የቆሽት ካንሰር ለምን ወደ ጉበት ይሄዳል? ናሙና መውሰዱ ነው ወይስ «ኤክሶሶም» የሚሉት ነገር?

የደሴው ልጅ
ሰላም ለሁላችሁ። አጎቴ ደሴ ነው የሚኖሩት። ቆሽታቸው ላይ ዕጢ ተገኝቶ አዲስ አበባ አመጣናቸውና በመርፌ ናሙና ተወሰደ፤ ካንሰር ነው ተባለ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ሲቲ ስካን ሲነሱ ጉበታቸው ላይም ታየ። አክስቴ «ብረት ባይነካው እዚያው ተኝቶ ይቀመጥ ነበር» ብለው ናሙና ይወሰድ ያልነውን ሁሉ አኩርፈዋል። እኔ ደግሞ ኢንተርኔት ላይ የካንሰር ሴሎች ኤክሶሶም የሚባሉ ጥቃቅን ከረጢቶችን አስቀድመው ይልካሉ የሚል አነበብኩ፤ ግማሹ አልገባኝም። ለምን ጉበት? እግራቸው ወይም ኩላሊታቸው ያልሆነው ለምንድን ነው? ለአክስቴስ ምን ልበላቸው?

ሴንትሪፊውጅ
እግዜር ይማራቸው ወንድሜ። ሐኪም አይደለሁም። ጎተንበርግ፣ ስዊድን ውስጥ የላብራቶሪ ቴክኒሻን ነኝ፤ እንጀራዬ እነዚህኑ ከረጢቶች ከደምና ከሴል ማሳደጊያ ፈሳሽ መለየት ነው። ስለዚህ ስለ ሕክምናቸው አልናገርም።

ከረጢት መልቀቅ የካንሰር ብቻ ጠባይ አይደለም። ጤነኛ ሴልም ይለቃል፤ የእኔም የአንተም ደም ሞልቶታል። ኤክሶሶም የምንላቸው ከ30 እስከ 150 ናኖሜትር ገደማ ስለሆኑ በተራ ማይክሮስኮፕ አይታዩም። ከመሬት ስበት 100,000 እጥፍ በሚደርስ ጉልበት ካላሽከረከርናቸው አይዘቅጡም፤ ዘቅጠውም ብዙ ጊዜ በዓይን የሚታይ ነገር የለም። ቱቦው ማሽከርከሪያው ማሽን ውስጥ ከመግባቱ በፊት በየትኛው ጎን እንደሚያርፉ በእስክርቢቶ ምልክት የማደርገው ለዚህ ነው፤ አለዚያ የሙሉ ቀን ሥራዬን ከውኃው ጋር ልደፋው እችላለሁ። እ.ኤ.አ. በ1983 ሞንትሪያልና ሴንት ሉዊስ ያሉ ተመራማሪዎች ገና ያልበሰሉ ቀይ የደም ሴሎች ላይ ሲያገኟቸው፣ ሴሉ የማይፈልገውን የሚጥልበት መንገድ ነው ተብሎ ታለፈ። በ2007 እዚሁ ጎተንበርግ ውስጥ አር.ኤን.ኤ. (የዘር መልእክት የሚሸከም ሞለኪውል) ይዘው ከሴል ወደ ሴል እንደሚያደርሱ ታየና ሁሉም ዞሮ ይመለከታቸው ጀመር።

ወደ ጥያቄህ ስመጣ፦ እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ስቲቨን ፓጄት በ1889 በጡት ካንሰር የሞቱ 735 ሴቶችን መዝገብ አገላብጦ ስርጭቱ በዘፈቀደ እንዳልሆነ ጻፈ። ዘር በየአቅጣጫው ይበተናል፣ የሚበቅለው ግን የሚስማማው አፈር ላይ ነው አለ። አፈሩን ማን እንደሚያዘጋጅ ግን መቶ ዓመት ሙሉ ጥያቄ ሆኖ ቆየ። በ2015 የኒው ዮርኩ የዴቪድ ላይደን ቡድን የቆሽት ካንሰርን በአይጥ ላይ አጠና። ከዕጢው የወጡትን ኤክሶሶሞች ኩፕፈር የሚባሉት የጉበት ሴሎች፣ ደሙን የሚያጠሩት ማለት ነው፣ ይውጧቸዋል። ከዚያ ቲ.ጂ.ኤፍ. ቤታ የሚባል ፕሮቲን ይለቃሉ፤ እሱ ደርሷቸው ሌሎች የጉበት ሴሎች ፋይብሮኔክቲን የሚባል፣ ሴሎች የሚጣበቁበት ፕሮቲን ያመርታሉ፤ በዚያ ላይ ከመቅኔ የመጡ ሴሎች ይሰፍራሉ። ልብ በል፣ ይህ የሚጀምረው አንድም የካንሰር ሴል ጉበት ሳይደርስ ነው።

ለአክስትህ የምትነግራቸውም ከዚሁ ጥናት ይገኛል። ተመራማሪዎቹ ገና በአንደኛ ደረጃ ላይ ካሉ ሕመምተኞች የተወሰደ ደምም መርምረዋል። ኤም.አይ.ኤፍ. የተባለው ፕሮቲን፣ ኋላ ካንሰሩ ጉበት በገባባቸው ሰዎች ኤክሶሶም ውስጥ፣ ካልተሰራጨባቸው ሰዎች በልጦ ተገኘ። ዝግጅቱ ጉበቱ ላይ ምንም ሳይታይ ተጀምሯል ማለት ነው። መርፌ አልፎ አልፎ ሴል ጎትቶ ሊያወጣ ይችላል፤ ሲሆንም ግን መርፌው ባለፈበት መስመር ላይ ነው የሚታየው። በጥቂት ሳምንት ጉበት ላይ በስካን የሚታይ ነገር ከናሙናው በፊት የነበረ ነው ብዬ አምናለሁ።

ደክሞኝ የገባሁ ሐኪም
ስለ መርፌው የተባለው ትክክል ነው። ግን ከረጢቶቹን አታግዝፏቸው። የቆሽት ደም በፖርታል ቬን፣ ከሆድ ዕቃ ደም ወደ ጉበት በሚወስደው የደም ሥር፣ አድርጎ በቀጥታ ጉበት ነው የሚገባው። የተበተነ ሴል መጀመሪያ የሚያገኘው ማጣሪያ እሱ ነው፣ ቀጥሎ ሳንባ። እግር ለመድረስ ሁለቱንም ማለፍ አለበት። ለዚህ ኤክሶሶም ምን ያስፈልጋል?

ሴንትሪፊውጅ
ዶክተር፣ ለቆሽት መንገዱ ትልቅ ድርሻ እንዳለው አልክድም። ግን የዓይን ሜላኖማን፣ ቀለም ከሚሠሩ ሴሎች የሚነሳውን ካንሰር፣ ምን ይሉታል? ከዓይን ወደ ጉበት የሚሄድ ፖርታል ቬን የለም፤ ሲሰራጭ ግን ከሁሉ በፊት የሚመርጠው ጉበትን ነው። እዚያው ኒው ዮርክ በዚያው ዓመት የወጣው ሌላው ጥናት ደግሞ የከረጢቶቹን ቆዳ ተመለከተ። አልፋ6ቤታ4 የተባለ ኢንተግሪን (ለመጣበቅ የሚያገለግል የገጽ ፕሮቲን) ያላቸው ሳንባ ላይ ይጣበቃሉ፣ አልፋቪቤታ5 ያላቸው ጉበት ላይ። እኔን የገረመኝ ግን ይህ ነው፦ አጥንት የሚወዱ የካንሰር ሴሎች ያሏቸውን አይጦች አስቀድመው ሳንባ የሚወድ ካንሰር ኤክሶሶም ሲወጓቸው፣ ሴሎቹ ሳንባ ላይ በቀሉ። የደም ሥሩ አልተቀየረም፤ የተቀየረው መድረሻው ነው። አይጥ ላይ መሆኑን ግን አልደብቅም።

የደሴው ልጅ
ሁለታችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። አክስቴን ዛሬ ማታ አናግራቸዋለሁ። አንድ ነገር ልጨምር፦ ዱባይ ያለው የአክስቴ ልጅ «የኤክሶሶም ጉሉኮስ» የሚሰጥ ክሊኒክ አግኝቷል፤ መሬት ሸጠን እንውሰዳቸው ይላል።

ሴንትሪፊውጅ
አትሽጡ! እነዚያ ብዙውን ጊዜ ከእንግዴ ልጅ ወይም ከእትብት ተለየ ተብለው የሚሸጡ ናቸው። የአሜሪካው የምግብና መድኃኒት ተቆጣጣሪ ኤፍ.ዲ.ኤ. በዲሴምበር 2019 ኔብራስካ ውስጥ ሰዎች ከተጎዱ በኋላ ማስጠንቀቂያ አውጥቷል፤ የጸደቀ የኤክሶሶም ምርት እንደሌለም በግልጽ አስፍሯል። ደግሞ ከላይ የጻፍኩትን አንብበው፦ ካንሰር ያለበት ሰው ደም ውስጥ ምን እንደተሸከመ የማይታወቅ ከረጢት ማን ይጨምራል?

ደክሞኝ የገባሁ ሐኪም
በዚህስ ተስማምተናል። የደሴው ልጅ፣ መሬቱ ይቆይ። ዓይናቸው ቢጫ ከሆነ፣ ሽንታቸው ከጠቆረ ወይም ሰውነታቸውን ካሳከካቸው የሐሞት ቱቦው ተዘግቶ ሊሆን ስለሚችል ቀጠሮ ሳትጠብቁ አምጧቸው። የተዘጋውን የሚከፍት ስቴንት የሚባል ቀጭን ቱቦ ከገባ ማሳከኩ ይቀንሳል፣ ለኬሞም አቅም ሊያገኙ ይችላሉ። ትኩሳትና ብርድ ብርድ ማለት ከተጨመረበት ደግሞ በዚያኑ ሌሊት።