የድንኳን መዋጮው እንዴት ይሁን? ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው ሐሳብ

ጸሐፊ፦ ሰላም ጎረቤቶቼ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? እሑድ ስብሰባ ላይ ያልጨረስነውን ጉዳይ እዚህ እንቋጨው ተብሏል። የእድራችን ድንኳን አርጅቷል። ክረምት ላይ የነበረውን ለቅሶ ታስታውሳላችሁ፤ ለቀስተኛው ድንኳን ውስጥ ጃንጥላ ዘርግቶ ነበር የተቀመጠው። አዲስ ድንኳን፣ ወንበርና ትልልቅ ድስት መግዛታችን አይቀርም። ያልተስማማነው መዋጮው ላይ ነው። ግማሹ እኩል ይሁን ይላል፣ ግማሹ እንደ አቅም። እኔ እንደ አቅም ባይ ነኝ። ግን "አቅም" የምንለውን በቁጥር ካላስቀመጥነው ጉባኤው ላይ መጨቃጨቃችን ነው። ሐሳብ አምጡ።

ገንዘብ ያዥ፦ እኔ ቀላል መንገድ አለኝ። የሁሉንም ገቢ እንጠይቅ፣ አማካዩን እናውጣ። ከአማካይ በላይ ያለው ይጨምር፣ በታች ያለው ይቀንስ።

ከአራዳ ገበያ፦ ወንድሜ፣ እኔ ሽንኩርትና በርበሬ ነው የምሸጠው። የወር ገቢሽን ልክ ተናገሪ ብትለኝ አላውቀውም። በዓል ሲደርስ ይሞላል፣ ክረምት ላይ ይጠፋል። ደግሞስ ማን ነው ገቢውን በብር ቆጥሮ ለእድር የሚናገር? "ከ2,000 እስከ 4,000 ውስጥ ነሽ ወይ?" ብትለኝ ግን አዎ እልሃለሁ።

የሒሳብ መምህር፦ እትዬ ትልቁን ነገር ተናገሩ። ልኩን መናገር የማይችል ወይም የማይፈልግ ሰው እርከኑን ይናገራል። እርከን ደግሞ አዲስ መፍጠር የለብንም። በ2017 ዓ.ም. የተሻሻለውን የደመወዝ ግብር እርከን ደመወዝተኛው ሁሉ ያውቀዋል፦ እስከ 2,000 ነጻ፣ ከዚያ እስከ 4,000፣ እስከ 7,000፣ እስከ 10,000፣ እስከ 14,000፣ ከ14,000 በላይ። ፎርሙ ላይ ስም አይጻፍም። ሰው ምልክት አድርጎ ሳጥን ውስጥ ይከታል።

አማካዩ ግን በዚህ መንገድ አይወጣልንም። የመጨረሻው እርከን ክፍት ነው። "ከ14,000 በላይ" ያለው ሰው 15,000 ይሁን 150,000 አናውቅም። ብናውቅም ሦስት አራት ሀብታም ቤቶች አማካዩን ወደ ላይ ይጎትቱታል። ያኔ አብዛኛው ሰው "ከአማካይ በታች" ሆኖ ቁጭ ይላል። የሚሻለው የደረጃ መለኪያ ነው፤ ተማሪዎቻችን ኳርታይልና ፐርሰንታይል የሚሉት።

ገንዘብ ያዥ፦ ኳርታይል ማለት አራት ቦታ መክፈል አይደል? እንግዲያው 14,000ን ለ4 ስናካፍለው 3,500 ይመጣል። የመጀመሪያው እርከን እስከ 3,500፣ ሁለተኛው እስከ 7,000 እያልን እንቀጥል።

የሒሳብ መምህር፦ እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፣ ተማሪዎቼም ጭምር። የምንከፍለው ብሩን ሳይሆን ሰዉን ነው። አባላቱን ሁሉ ከዝቅተኛ ገቢ እስከ ከፍተኛ ገቢ በአንድ መስመር አሰለፍናቸው እንበል። ሰልፉን አራት እኩል ቦታ ስንቆርጠው መቁረጫው ላይ የቆመው ሰው ስንት ያገኛል? ኳርታይል የሚመልሰው ይህን ጥያቄ ነው። በእርስዎ አከፋፈል አንዱ እርከን ላይ 80 ሰው፣ ሌላው ላይ 5 ሰው ሊገባ ይችላል።

በምሳሌ ላሳይ። ቁጥሩ የመለማመጃ ነው፤ እውነተኛው ፎርሙ ሲሞላ ይመጣል። 120 አባወራ አለን እንበል።

እስከ 2,000፦ 18 ቤት
2,001–4,000፦ 30 ቤት
4,001–7,000፦ 36 ቤት
7,001–10,000፦ 18 ቤት
10,001–14,000፦ 10 ቤት
ከ14,000 በላይ፦ 8 ቤት

ከላይ ወደ ታች እየደመርን ስንወርድ 18፣ 48፣ 84፣ 102፣ 112፣ 120 እናገኛለን። የመጀመሪያው ኳርታይል የ120 ሩብ ነው፤ 30ኛው ቤት ማለት ነው። 30ኛው ቤት የት ይወድቃል? እስከ 2,000 ያሉት 18 ብቻ ናቸው፣ እስከ 4,000 ግን 48 ደርሰናል። ስለዚህ ሁለተኛው እርከን ውስጥ ነው። እዚያ ለመድረስ ከ18 ላይ 12 ቤት መግባት አለብን። እርከኑ ውስጥ 30 ቤት አለ፣ ስፋቱ 2,000 ብር ነው። 12ን ለ30 አካፍለን በ2,000 ስናባዛ 800 ይሆናል። 2,000 ሲደመር 800፣ 2,800 ብር።

መካከለኛው ደግሞ 60ኛው ቤት ነው። 4,000 ላይ 48 አልፈናል፣ 12 ይቀራል። 12 ለ36፣ በ3,000፣ 1,000። ስለዚህ 5,000 ብር። ሦስተኛው ኳርታይል 90ኛው ቤት ነው፤ 7,000 ላይ 6 ለ18 በ3,000 ሲጨመር 8,000 ብር። የእርከኖቹ ስፋት አንድ ዓይነት አለመሆኑ አያስቸግርም። ሁሌም የምናባዛው ተራው በወደቀበት እርከን ስፋት ነው።

ገንዘብ ያዥ፦ ገባኝ። ግን እርከኑ የሚጀምረው 2,001 ላይ ነው። ለምን ከ2,000 ተነሳን?

የሒሳብ መምህር፦ ጥሩ ጥያቄ ነው። ትክክለኛው ድንበር በ2,000 እና በ2,001 መካከል ነው፣ 2,000 ብር ከ50 ሳንቲም። መልሱ 2,800 ከ50 ይሆን ነበር ማለት ነው። ለመዋጮ ሃምሳ ሳንቲሟን ልንተዋት እንችላለን፤ ፈተና ላይ ግን አትተውም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ መምህር፣ እኛ የምናካፍለው n+1ን ነበር፤ n የቤቱ ብዛት ነው። 121ን ለ4፣ 30.25ኛ ተራ።

የሒሳብ መምህር፦ እሱ እያንዳንዱ ቁጥር በዝርዝር ሲኖርህ ነው። በእርከን የተሰበሰበ ከሆነ n ለ4 ይበቃል፤ መልሱ ራሱ ግምት ነዋ። ልዩነቱም 17 ብር አይሞላም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ ይሁን። በካሬ ወረቀት ላይ ኩርባውን እሠራላችኋለሁ፤ ጉባኤው ላይ ከቁጥር ይልቅ ሥዕል ይገባል። በአግድም ብር፣ በቁም የተጠራቀመው የቤት ብዛት። ከ30 ላይ ወደ ኩርባው መስመር ስቦ ወደ ታች ማንበብ ነው። ኩርባው ኦጃይቭ ይባላል። ስሙ ሾጣጣ ከሆነ የሕንፃ ቅስት የመጣ ነው። የፋሲል ግንብ ቅስቶች ግን ክብ ስለሆኑ እነሱን እያያችሁ አትፈልጉት።

የእድሩ ዳኛ፦ (አባባ እየተናገሩ እኔ የልጅ ልጃቸው ነኝ የምጽፈው) ልጆቼ፣ የምትሉትን አነበበልኝ። እድር ማለት እኩልነት ነው። ሀብታም ሲሞትም ድሃ ሲሞትም የምንቀመጥበት ድንኳን አንድ ነው። እናንተ ሰዉን አራት ቦታ ከፍላችሁ ስም ልትለጥፉበት ነው? በድህነቱ የሚሸማቀቅ ሰው ከእድሩ ይቀራል።

ጸሐፊ፦ አባባ፣ የተናገሩት ልክ ነው። ወርኃዊው መዋጮ እንዳለ ይቀጥል፣ ማንም አይነካው። ቀብሩም፣ እርዳታውም፣ ድንኳኑም ለሁሉም እኩል። እኔ የማነሳው አንድ ጊዜ የሚወጣውን የዕቃ መግዣ ብቻ ነው። ለምሳሌ 120,000 ብር ቢያስፈልግ እኩል ስናካፍለው ለቤት 1,000 ይደርሳል። በመምህሩ ምሳሌ 2,800 ለሚያገኝ ቤት 1,000 ብር ከወር ገቢው ከሲሶ በላይ ነው። 8,000 ለሚያገኘው ግን ስምንተኛው ብቻ ነው። እኩል አዋጡ ስንል ሸክሙ እኩል አልሆነም፣ አንቱም ይህን አይወዱትም።

ስለዚህ ከመጀመሪያው ኳርታይል በታች ያሉት 30 ቤቶች 400 ብር፣ መሐል ያሉት 60 ቤቶች 1,000፣ ከሦስተኛው በላይ ያሉት 30 ቤቶች 1,600 ቢያወጡስ? 12,000፣ 60,000 እና 48,000፤ ድምሩ 120,000 ይሞላል።

ገንዘብ ያዥ፦ መሐል ያለው ምንም አልተጨመረበትም። ይህ ጥሩ ነው፣ ግማሹ አባል አይቆጣም።

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ አንድ ነገር አስጨነቀኝ። ድንበሩ 2,800 ነው አልን። ፎርሙ ላይ ግን ሰው የሚለው "ከ2,001 እስከ 4,000" ብቻ ነው። እዚያ ካሉት 30 ቤቶች 12ቱ ከ2,800 በታች ናቸው ብለን ገመትን። የትኞቹ 12? አናውቅም።

የሒሳብ መምህር፦ አዎ፣ አታውቅም። ይህ ስሌት የሚነግርህ ድንበሩን እንጂ ሰዎቹን አይደለም። ድንበሩም ቢሆን በእርከኑ ውስጥ ያሉት ቤቶች ከ2,000 እስከ 4,000 እኩል ተበትነዋል ብለን ገምተን ያወጣነው ነው። በእውነቱ ግን ሰው ገቢውን ሲናገር 3,000 ይላል፣ 5,000 ይላል። አብዛኞቹ 3,000 ላይ ተከምረው ከሆነ የእኛ 2,800 ይሳሳታል።

ሁለት ነገር እናድርግ። አንደኛ፣ ፎርሙ ላይ ይህን እርከን ለሁለት እንቁረጠው፣ እስከ 3,000 እና እስከ 4,000። ሩቡ እዚያ ሊወድቅ ስለሚችል እዚያ ጋር ጠበብ ያለ እርከን ይጠቅመናል። ከ14,000 በላይ ያለውን መቁረጥ አያስፈልግም፤ ሦስተኛው ኳርታይል እዚያ እስካልደረሰ ድረስ ክፍት መሆኑ አይጎዳንም። 95ኛውን ፐርሰንታይል (ሰልፉን መቶ እኩል ቦታ ስንቆርጠው 95ኛውን መቁረጫ) ቢጠይቁኝ ኖሮ መልስ አልነበረኝም። 114ኛው ቤት እዚያ ክፍት እርከን ውስጥ ነው።

ሁለተኛ፣ ድንበሩ ከታወቀ በኋላ እያንዳንዱ አባል ከየትኛው ወገን እንደሆነ ራሱ ለገንዘብ ያዥ ለብቻው ይናገር። በቃሉ ይታመን።

ገንዘብ ያዥ፦ ሁሉም "እኔ ከታች ነኝ" ቢለኝስ?

የሒሳብ መምህር፦ ያኔ ቁጥሩ ራሱ ያሳብቃል። ስም በሌለው ፎርም 30 ቤት ገደማ ከድንበሩ በታች ነው ካልን፣ ለእርስዎ 35 ቢመጣ ችግር የለውም። 70 ከመጣ ግን ጉባኤው ላይ ማንንም ሳንጠራ "ፎርሙና ቃላችን አልተገናኘም" ብለን እንናገራለን። ሰው ራሱ ያስተካክላል ብዬ አምናለሁ።

የእድሩ ዳኛ፦ (አሁንም የልጅ ልጃቸው ነኝ) እንዲህ ከሆነ እስማማለሁ። ግን "ዝቅተኛ"፣ "ከፍተኛ" የሚባል ቃል ደብዳቤው ላይ እንዳይገባ። ደረሰኙም ላይ የብሩ ልክ ይጻፍ እንጂ እርከን አይጻፍ። ማን 400 እንደከፈለ ከገንዘብ ያዡ በቀር ማንም እንዳያውቅ።

ከአራዳ ገበያ፦ አባባ እድሜ ይስጥዎት። እኔም አንድ ላንሳ። የእኔ ቤት 7 ሰው ነው። 5,000 ለሁለት ሰውና 5,000 ለሰባት ሰው አንድ አይደለም።

ጸሐፊ፦ ልክ ነዎት እትዬ። ፎርሙ ላይ የቤተሰብ ብዛት ብንጨምርበት ግን ስም የሌለው ወረቀት የማን እንደሆነ ሊታወቅ ነው። 9 ሰው ያለበትን ቤት ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለዚህ ድንበሩን ስናወጣ አንጨምረው። ቃሉን ሲሰጥ ግን ከ6 ሰው በላይ ያለበት ቤት አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ የመክፈል መብት ይኑረው። የሚጎድለውን ከመጠባበቂያው እንሙላ። ገንዘብ ያዥ ምን ይላሉ?

ገንዘብ ያዥ፦ መጠባበቂያው ይችላል። ግን ከዚያ የሚወጣው ገደብ ይኑረው፣ ጉባኤው ይወስንልን።

ጸሐፊ፦ እንግዲያው ለጉባኤው የማቀርበው ጽሑፍ ይኸው። የምታስተካክሉት ካለ እስከ ረቡዕ ንገሩኝ።

"ወርኃዊ መዋጮና የእድሩ አገልግሎት ለሁሉም አባል እኩል ሆኖ ይቀጥላል። ለድንኳንና ለዕቃ መግዣ የሚወጣው የአንድ ጊዜ መዋጮ በሦስት መጠን ይሆናል። ድንበሩ የሚወሰነው አባላት ስማቸውን ሳይጽፉ በሚሞሉት የገቢ ፎርም ነው። ከአባላቱ ሩቡ የሚያገኘው ከስንት ብር በታች እንደሆነ፣ ሩቡ ደግሞ ከስንት ብር በላይ እንደሆነ ተሰልቶ ከነአሠራሩ ለጉባኤው ይነበባል። እያንዳንዱ አባል የሚከፍለውን መጠን በራሱ ቃል ለገንዘብ ያዥ ያሳውቃል፤ ምስጢሩም ይጠበቃል። ከ6 ሰው በላይ የሚኖርበት ቤት አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ መክፈል ይችላል። የሚጎድለው ከመጠባበቂያ ይሸፈናል፣ ገደቡን ጉባኤው ይወስናል።"

የሒሳብ መምህር፦ አንዲት ቃል ላስተካክል። ሲነበብ "ሩቡ አባል 2,800 ያገኛል" እንዳይባል። "2,800 ወይም ከዚያ በታች" ነው የሚባለው። ሰው አንዴ በስህተት ከሰማው ኋላ መመለስ ያስቸግራል።

ጸሐፊ፦ ይዤዋለሁ። ፎርሙን 120 ኮፒ ማን ያስገለብጣል?

የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ እኔ። ካምፓስ አጠገብ አስገልብጬ ሐሙስ ማታ ይዤ እመጣለሁ። የካሬ ወረቀቱንም አብሬ አመጣለሁ።

ከአራዳ ገበያ፦ ማንበብ ለማይችሉት እኔ ቤት ለቤት ዞሬ አነብላቸዋለሁ። ምልክቱን ግን ራሳቸው ያድርጉ፣ ወረቀቱንም ራሳቸው አጥፈው ሳጥኑ ውስጥ ይክተቱ። እኔ ያኔ ፊቴን አዞራለሁ።