የላቲን ትእዛዝ አንቀጽ ግራ አጋባኝ፣ የምታውቁ እርዱኝ

ዘግዕዝ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ግዕዝ እየተማርኩ ስለሆነ የዲልማንን መዝገበ ቃላት አውርጄ መጠቀም ጀምሬያለሁ፣ መጽሐፉ በፈረንጆች 1865 የታተመ ነው እና የግዕዙ ፍቺ በሙሉ በላቲን ነው፣ ላቲን ደግሞ ፊደሉን ከመለየት ውጪ ምንም አላውቅም። አንባቢውን እንዲህ አድርግ እዚያ ሂድ ሲለው "ቪዴ" ይላል፣ ተመልከት ማለት ነው፣ "ኮንፌር" ደግሞ አነጻጽር። ሁለቱም ትእዛዝ ከሆኑ አንዱ በኤ አልቆ ሌላው ለምን በባዶው ይቀራል? አንተ አንቺ እናንተ የሚል ልዩነትስ አላቸው? ስንከለክል "አት" የምንለውንስ (አትሂድ፣ አትፍራ) እንዴት ነው የሚሉት?

ቀለም_ቆጣሪ፦
መነሻው ቀላል ነው ወንድሜ፣ ንዑስ አንቀጹን (እንደ ማየት፣ መስማት ያለውን ቅርጽ) ያዝና መጨረሻ ላይ ያለችውን "ሬ" ጣላት። ቪዴሬ ማየት ነው፣ ቪዴ ተመልከት። አውዲሬ መስማት፣ አውዲ ስማ። ለብዙ ሰው "ቴ" ትጨምራለህ፣ ቪዴቴ፣ አውዲቴ። ሰው ሁሉ የሚሰናከለው ሬጌሬ ላይ ነው (መምራት፣ መግዛት)፣ ለአንድ ሰው ሬጌ ብለህ ለብዙ ስትል ሬጊቴ ይሆናል እንጂ ሬጌቴ አይባልም። የቪዴሬ "ዴ" ረጅም ናት፣ የሬጌሬ "ጌ" ግን አጭር ስለሆነች ቴ ሲመጣባት ወደ ጊ ትለወጣለች፣ በኛ ፊደል ሲጻፍ ግን ልዩነቱ አይታይም።
አንቺ የሚባል የለም፣ ወንድም ሴትም በአንድ ነው የሚታዘዘው። አንቱም የለም፣ በጥንቱ ላቲን ቄሳሩንም በነጠላ ነበር የሚያናግሩት። ማለስለስ ሲፈልጉ "ኩዌሶ" (እባክህ) ወይ "ሲስ" ይጨምራሉ፣ ሲስ ማለት "ሲ ዊስ" (ከፈለግክ) ተጨምቆ ነው።

የፕላውቱስ_ጎረቤት፦
ኮንፌርን ማንም አልመለሰልህም እኮ። አራት አፈንጋጮች አሉ፣ ዲክ (በል)፣ ዱክ (ምራ)፣ ፋክ (አድርግ)፣ ፌር (ተሸከም፣ አምጣ)። እነዚህን ዝም ብለህ በቃልህ ያዝ። ሦስቱ ድሮ ሙሉ ነበሩ፣ የጥንቱ ሮማዊ ደራሲ የፕላውቱስ ኮሜዲዎች ውስጥ ዲኬ፣ ፋኬ የሚል ታገኛለህ፣ ሰው ቀን ከሌት አፉ ላይ ሲያመላልሳቸው ነው ጫፋቸው የተቆረጠው። ኮንፌር የፌር ልጅ ነው፣ "አንድ ላይ አምጣ" እንደማለት፣ ከዚያ ነው አነጻጽር የሆነው። ለብዙ ኮንፌርቴ። እና በዚህ አትገረም፣ እኛስ መጣ ብለን ስናበቃ ስናዝ "ና" አይደል የምንለው፣ ና ከመጣ ጋር ምን አገናኘው?

መድኃኒት_ቤት፦
ከርዕስ ትንሽ ልውጣ፣ የሐኪም ማዘዣ ላይ ያለችው አርኤክስ የምትመስለው ምልክትም ይቺው ናት፣ "ሬኪፔ" (ውሰድ) የሚለው ትእዛዝ ምህጻር። ሰው በሽተኛውን "መድኃኒትህን ውሰድ" የሚለው ይመስለዋል፣ የሚታዘዘው ግን ቀማሚው ነው፣ ይሄን ያህል ከዚህ ውሰድና ቀምም ነው ነገሩ። ስለዚህ በየቀኑ በላቲን የምታዘዘው እኔ ነኝ ማለት ነው 😂

ቀለም_ቆጣሪ፦
😂 ያው የ"አት" ጥያቄ ቀርቷል። ትእዛዙ ላይ አፍራሽ ለጥፈህ አትገላገልም፣ እኛም ሂድን "አልሂድ" ብለን ሰው አንከለክልም፣ ቅርጹን ቀይረን አትሂድ ነው የምንለው። እነሱ "ኖሊ" ብለው ንዑስ አንቀጹን ሳይነኩ ያስከትላሉ፣ ኖሊ ቲሜሬ፣ ቃል በቃል "መፍራት አትፈልግ"። ለብዙ ኖሊቴ። የላቲኑን ወንጌል ክፈትና እየው፣ ማቴዎስ 1፥20 ላይ መልአኩ ዮሴፍን ኖሊ ቲሜሬ ይለዋል፣ ሉቃስ 2፥10 ላይ እረኞቹ ብዙ ስለሆኑ ኖሊቴ ቲሜሬ ነው። ሉቃስ 1፥30 ላይ ግን እመቤታችንን "ኔ ቲሜያስ" ነው ያላት፣ ይሄ ሁለተኛው መንገድ ነው፣ "ኔ" ብሎ ግሱን በሌላ ቅርጽ ማምጣት። ግዕዙ "ኢትፍርሂ ማርያም" የሚለው ቦታ ነው፣ አሠራሩም ከኢትፍርሂ ጋር በጣም ይቀራረባል።

ዘግዕዝ፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ ቪዴም ኮንፌርም አሁን ገባኝ። አንድ ነገር ግን፣ መዝሙር 50 ላቲኑ "ሚሴሬሬ ሜኢ ዴኡስ" ነው አይደል፣ ማረኝ ከሆነ ሬዋ ለምን አልወደቀችም?

የፕላውቱስ_ጎረቤት፦
ጎበዝ፣ ጥሩ አየህ። እሱ የተደራጊ ልብስ ለብሶ አድራጊ የሚሆን ግስ ነው፣ የነዚህ ትእዛዝ ለአንድ ሰው በሬ ነው የሚያልቀው፣ ንዑስ አንቀጽ መስሎ ያታልላል። ጌታ ማቴዎስን "ሴኩዌሬ ሜ" (ተከተለኝ) ያለውም እንደዚሁ ነው፣ ለብዙ ሴኩዊሚኒ። ደግሞ አንተ ግዕዝ ተማሪ ነህ፣ የዚያው መዝሙር ግዕዙ "ተሣሃለኒ" ነው፣ በ"ተ" ጀምሮ ትርጉሙ ግን ማረኝ ነው፣ እሱ ካላስቸገረህ ሚሴሬሬ አያስቸግርህም።