ወጣት መካሪያችን ምስጢር ከብዷታል፤ እባካችሁ ምከሩኝ

ሰላም ለሁላችሁ። የሠፈር ልጆች የክረምት ካምፕ አስተባብራለሁ። ትንንሾቹን የሚይዙት የ16 እና የ17 ዓመት ወጣቶች ናቸው። ልጆቹ ለአዋቂ የማይሉትን ለእነሱ ይነግራሉ፤ ጥሩነቱም ጭንቀቱም እዚሁ ላይ ነው።

ትናንት ማታ አንዷ መካሪ እያለቀሰች መጣች። አንድ ልጅ «ለማንም እንዳትነግሪ» ብሎ አስምሏት፣ ቤት ውስጥ እንደሚደበደብ ነግሯታል። ለእኔ በመንገሯ የከዳችው መስሏታል። ደግ አደረግሽ አልኳት፤ ጉዳዩንም የሕፃናት ጥበቃ ለሚመለከታቸው ወዲያው አሳውቄአለሁ።

ጥፋቱ የእኔ ነው። በሥልጠናው ጨዋታና የመጀመሪያ እርዳታ አስተማርናቸው እንጂ፣ የልጅ ደኅንነት ሲነካ ምስጢር እንደማይጠበቅ፣ ይህንንም ለልጁ አስቀድሞ መንገር እንደሚገባ አላስተማርናቸውም።

አሁን የጨነቀኝ የእሷ ነገር ነው። ነገ ልጁን ስታገኘው ምን ትበለው? ቡድኗን ልቀይርላት ወይስ እዚያው ትቆይ? የገጠማችሁ ካላችሁ ዛሬውኑ ብትመልሱልኝ።