ብር «ይዝጋል» ወይስ «ይወይባል»? አንጥረኛስ ምኑን ነው የሚያነጥረው?

ጥያቄ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ጌጣጌጥ አያያዝ የተጻፈ አጭር ጽሑፍ እያረምኩ ነው። ጸሐፊው «ብር ከወርቅ ቶሎ ይዝጋል» ይላል። ጆሮዬ አልተቀበለውም፤ ግን በምን ልተካው? እግረ መንገዴን፦ «የነጠረ ወርቅ»፣ «አንጥረኛ» እና «ንጥር ቅቤ» ዘመዳሞች ናቸው ወይስ ድምፃቸው ተገጣጥሞ ነው?

መልስ፦
እህቴ፣ ጆሮሽ ልክ ነው። ዝገት የብረት ጣጣ ነው። ብረት እርጥበትና ኦክስጅን ሲያገኘው እየተፈረፈረ ውስጡ ድረስ ይበላል። ብርን የሚያበላሸው ሌላ ነው፦ አየር ውስጥ ያለ የድኝ ውህድ። ላዩ ላይ ስስ የብር ሰልፋይድ ሽፋን ይሠራል፤ መጀመሪያ ቢጫ ይመስላል፣ ቀጥሎ ቡናማ፣ በመጨረሻ ጥቁር። የተቀቀለ እንቁላል በብር ማንኪያ የበላ ሰው ያውቀዋል፤ አስኳሉ የነካው ቦታ ይጠቁራል። ሲወለወል ደግሞ ይመለሳል፤ የዛገ ብረት ግን በመወልወል አይድንም። ስለዚህ እኔ ብሆን «ይወይባል» እላለሁ፣ ጨርሶ ከጨለመ «ይጠቁራል»።

ንጹሕ ወርቅን ኦክስጅንም ድኝም አይደፍሩትም። ብርን የሚያሟሟው ናይትሪክ አሲድ እንኳ ብቻውን አይነካውም፤ ከሃይድሮክሎሪክ አሲድ ጋር ሲቀላቀል ነው የሚያሸንፈው። «ወርቄ ጠቆረ» የሚል ሰው ካጋጠመሽ የጠቆረው ቅይጡ ነው። 24 ካራት ንጹሕ ነው፣ 18 ካራት 75 በመቶ ወርቅ ነው፤ የቀረው መዳብ፣ ብር ወይም ሌላ ማዕድን ነው።

ወደ ነጠረ ስንመጣ፣ አዎ፣ ሥሩ አንድ ነው። በእሳት ቀልጦ፣ ጉድፉ ተለይቶ፣ ጥራቱ ወጣ ማለት ነው። ቅቤ ለስለስ ባለ እሳት ይነጥራል፤ ብር ለመቅለጥ 962፣ ወርቅ 1064 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይፈልጋሉ። አንጥረኛ ስሙን ያገኘው ከዚህ ነው፣ ዛሬ አብዛኛው ሥራው መበየድና መቅረጽ ቢሆንም። የኬሚስትሪው «ንጥረ ነገር»ም ከዚሁ ቤተሰብ ነው፣ ውብ ስያሜም ነው፦ ቢያነጥሩት ቢያነጥሩት ሌላ ነገር የማይወጣው። በንጥረ ነገሮች ሰንጠረዥ ብር 47ኛው፣ ወርቅ 79ኛው ነው። «ከእኩዮቹ ነጥሮ ወጣ» የምንለውም ያው ነው። «ኳሷ ነጠረች» የሚለውን ግን እዚህ ውስጥ አላስገባውም።

ሌላ መልስ፦
«ወርቅ ላበደረ ጠጠር» አለመነሣቱ ገረመኝ። ሁላችንም ለውለታ ቢስ እንጠቅሰዋለን፣ ትክክልም ነው። ግን በሚዛን እዩት። ወርቅ በእኩል መጠን ካለው ውሃ 19.3 እጥፍ ይከብዳል፤ ተራ ድንጋይ 2.7 እጥፍ ገደማ ነው። ስለዚህ የወርቁን ያህል ጠጠር ቢመለስለት ክብደቱ የወርቁ አንድ ሰባተኛ ነው። አበዳሪው ዓይኑን ጨፍኖ መዳፉን ቢዘረጋ እንኳ መበደሉን ያውቃል! ስድቡ የሚያመው በዋጋው ብቻ አይደለም። «በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል» የሚለው ግን በመዳፍ ፈተና ይወድቃል፤ መዳብ 9 እጥፍ ገደማ ነውና ከወርቅ ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ጥያቄ፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። «ሰምና ወርቅ»ስ ከአንጥረኛ ቤት የመጣ ነው?

መልስ፦
ከዚያው ነው። አንጥረኛው ቅርፁን በሰም ይሠራል፣ በጭቃ ይለብጠዋል፣ ያሞቀዋል፤ ሰሙ ቀልጦ ሲወጣ በባዶው ቦታ የቀለጠ ወርቅ ያፈስበታል። እዚህ ላይ ብዙ የቅኔ ተንታኞች የሚያናድዱኝ ነገር አለ፦ ሰሙን እንደ ገለባ ይጥሉታል። ሰሙ ከተበላሸ እኮ ወርቁም ተበላሽቶ ነው የሚወጣው።

ሌላ መልስ፦
እኔ ደግሞ ለብር ጠበቃ ልቁም። ቋንቋችን ለወርቅ «አፈ ወርቅ»ን፣ «ወርቃማ ዘመን»ን ሰጠ፤ ለብር የገንዘብ ስም ሰጠና ጨረሰ። «ንግግር ብር ከሆነ ዝምታ ወርቅ ነው» ሲባልም ሁለተኛ ነው። በባሕርዩ ግን ከብረታ ብረት ሁሉ ኤሌክትሪክና ሙቀት በማስተላለፍ የሚቀድመው የለም፣ የሚታይ ብርሃንንም እንደ እሱ የሚያንጸባርቅ የለም፤ መስተዋት የሚሠራው በእሱ ነበር። የድሮው የፎቶ ፊልም ብርሃን የሚይዘው በብር ጨው ነው፣ ለቃጠሎ ቁስል የሚቀባ መድኃኒትም ውስጥ አለ።

ታዲያ የኮምፒውተር ካርድ ጥርሶች ለምን ወርቅ ቅብ ሆኑ? ብር ስለሚወይብ ነው። በማስተላለፍ ወርቅ ከብርም ከመዳብም ያንሳል፣ ግን ላዩ ንጹሕ ሆኖ ይቆያል። አንድ ግራም ወርቅ ተቀጥቅጦ አንድ ካሬ ሜትር ያህል ቦታ መሸፈን ስለሚችል ቅቡ ብዙ አይፈጅም። አራሚያችንም «ቅብ»ን ከ«ልባጥ» ትለይልን፦ በኤሌክትሪክ የተቀባው ቅብ ነው፣ ስስ የወርቅ ቆርቆሮ የተደረበበት ደግሞ በወርቅ የተለበጠ።