ኢቫን ካራማዞቭ አባቱን ገድሏል ወይስ አልገደለም?

የሌሊት ተረኛ

የዶስቶየቭስኪን «የካራማዞቭ ወንድማማቾች» ጨረስኩ። ነርስ ነኝ፤ አብዛኛውን ያነበብኩት ሌሊት ተረኛ ስሆን ነው። ሰው ስለዚህ መጽሐፍ ሲያወራ ስለ «ታላቁ መርማሪ» ምዕራፍ ነው የሚያወራው። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ላላነበባችሁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ፊዮዶር ካራማዞቭ መጠጥና ሴት እንጂ ልጅ የማያውቅ ባለሀብት ነው። ሦስት ልጆች አሉት፤ ቁጡው ሚትያ (ሙሉ ስሙ ድሚትሪ)፣ የተማረው ኢቫን፣ ገዳም የገባው አልዮሻ። ወጥ ቤት የሚሠራው ስሜርድያኮቭም ልጁ ነው ይባላል። አባትና ሚትያ በአንዲት ሴት ተጣልተዋል፤ ሚትያ በየቦታው እገድለዋለሁ እያለ ይዝታል።

አንድ ማታ ስሜርድያኮቭ ኢቫንን በር ላይ ጠብቆ ያናግረዋል። ነገ የሚጥል በሽታዬ ሳይነሳብኝ አይቀርም ይለዋል። ሽማግሌው አገልጋይ ግሪጎሪም መድኃኒቱን ጠጥቶ ድብን ብሎ ይተኛል ይለዋል። አባትየው በር የሚከፍትበትን የማንኳኳት ምልክት ደግሞ ሚትያ ያውቀዋል። ይህን ሁሉ ነግሮት እርስዎ ለምን ከዚህ አይሄዱም ይለዋል። ኢቫን ነገሩ ገብቶታል። እንደገባው ግን ለራሱም አላመነም።

ያን ሌሊት ኢቫን ከአልጋው ተነስቶ ደረጃው ላይ ይወጣል። ትንፋሹን ይዞ፣ አባቱ እታች ክፍል ውስጥ ሲንጎራደድ ያዳምጣል። በዚያች ሰዓት ጥላቻ እንኳ አልተሰማውም፤ ማወቅ ብቻ ነው የፈለገው። ደራሲው እንደሚነግረን ኢቫን ዕድሜ ልኩን ከሠራው ሁሉ የወረደ ሥራ ብሎ የሚቆጥረው ይህን ማዳመጡን ነው። ጠዋት ተነስቶ ወደ ሞስኮ ሄደ። ማታ አባትየው ተገደለ፤ ገደለ ተብሎ የተከሰሰው ሚትያ ነው።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። ኢቫን ምን አደረገ? ገንዘብ አልከፈለም፣ ትዕዛዝ አልሰጠም። ታዲያ መጨረሻ ላይ አእምሮውን የሚያስተው ምንድን ነው?

አብርሽ

ምንም አላደረገም። ገዳዩ ስሜርድያኮቭ ነው፣ አለቀ። በልጅነቱ ድመት እየሰቀለ ይቀብር የነበረ ሰው ነው። ትንሹን ኢልዩሻን ዳቦ ውስጥ መርፌ ከትቶ ለውሻ እንዲሰጥ ያስተማረውም እሱ ነው። የሥነ ልቦና ሊቁ ፍሮይድ በ1928 ስለ ዶስቶየቭስኪ በጻፈው ጽሑፍ ላይ ዋናው ነገር ማን ገደለ ሳይሆን ማን በልቡ ተመኘ ነው ብሏል። እኔ አልስማማም። ሁላችንም ክፉ የተመኘንበት ቀን አለ። ምኞት እንደ ድርጊት ከተቆጠረማ ማን ይተርፋል? ኢቫን ታመመ። የታመመ ሰው ደግሞ ራሱን ይወቅሳል።

ጡረተኛው ዳኛ

ልጄ፣ ሕጉን ከጠየቅሽ መልሱ አጭር ነው። ኢቫንን የሚቀጣ ፍርድ ቤት የለም። አብርሽ እስከዚህ ድረስ ልክ ነህ።

ግን መጽሐፉ ፍርድ ቤቱን ራሱን እንዴት እንዳሳየን እዩት። ሩሲያ ሰው በሕዝብ ዳኞች ፊት እንዲዳኝ ያደረገችው በ1864 ነው። ዶስቶየቭስኪ ችሎት ይከታተል ነበር። ሳይቤሪያ ውስጥ ኦምስክ ታስሮ ሳለም አባቱን ገድሏል ተብሎ የተፈረደበት ኢሊንስኪ የሚባል የቀድሞ መኮንን አግኝቶ ነበር፤ ሰውዬው ንጹሕ መሆኑ የታወቀው በኋላ ነው። የሚትያ ታሪክ የበቀለው ከዚያ ነው።

አሁን ግሪጎሪን ልብ በሉት። ሐቀኛ ሰው ነው፣ ጌታውን ይወዳል፣ በገንዘብ አይገዛም። ሚትያ ከአትክልቱ ሲሮጥ ከማየቱ በፊት የቤቱ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ ነበር ብሎ ይመሰክራል። በሩ ግን ዝግ ነበር። ዝግ ከነበረ ሚትያ ወደ ውስጥ አልገባም፣ በሩ የተከፈተው ከሸሸ በኋላ ነው ማለት ነው። ግሪጎሪ አልዋሸም። አይቻለሁ ብሎ ከልቡ ያምናል። እኔ ችሎት ላይ በቆየሁበት ዘመን ከሐሰተኛ ምስክር ይልቅ የሚያስጨንቀኝ እንዲህ ያለው ምስክር ነበር። ሐሰተኛው ሲጠየቅ ይደነባበራል። ይሄኛው በጠየቅከው ቁጥር ይበልጥ ይጸናል።

እንግዲህ ኢቫን እዚህ ችሎት ፊት ነው ስሜርድያኮቭ ከሟቹ የሰረቀውን ብር ይዞ የቆመው። ስሜርድያኮቭ ገደለ፣ እንዲገድል ያደረግኩት እኔ ነኝ አለ። ማን ሰማው? ስሜርድያኮቭ በዋዜማው ታንቆ ሞቷል። ኢቫን ትኩሳት ይዞታል፣ ንግግሩ ይዘባርቃል። እየጮኸ ጎትተው አወጡት። የሚትያ እጮኛ የነበረችው ካተሪና ተነስታ ሚትያ ሰክሮ አባቴን እገድላለሁ ብሎ የጻፈላትን ደብዳቤ አቀረበች። አሥራ ሁለቱ ዳኞች፣ አራት ሹማምንት፣ ሁለት ነጋዴዎችና ስድስት ገበሬና የከተማ ሰዎች፣ ሚትያን ጥፋተኛ አሉት።

ለእኔ ኢቫንን የሚያፈርሰው ይሄ ነው። የተመኘው ብቻ አይደለም። ጥፋቴ ብሎ ሲመጣ የሚቀበለው ሰው አጣ። ሕጉ አንተን አይመለከትህም አለው። ሐኪሞቹ ታመሃል አሉት። እሱ ግን ሰው እንዲፈርድበት ነበር የፈለገው።

የሌሊት ተረኛ

ጋሼ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የበሩን ነገር እንዲህ አላየሁትም ነበር።

አብርሽ፣ የድመቶቹን ነገር አልክድም። ግን ስሜርድያኮቭን እዚያ ላይ ብቻ አትተወው። እናቱ መጠለያ የሌላት፣ መናገር የማትችል ምስኪን ነበረች። አጥር ዘልላ እዚያው ግቢ መታጠቢያ ቤት ወለደችው፣ ሲነጋ ሞተች። ያሳደገው ግሪጎሪ ነው። ያው ሐቀኛው ግሪጎሪ ልጁን «አንተ ሰው አይደለህም፣ ከመታጠቢያ ቤት እርጥበት ነው የበቀልከው» ይለዋል። በአሥራ ሁለት ዓመቱ ልጁ ጠየቀ። እግዚአብሔር ብርሃንን በመጀመሪያው ቀን ፈጠረ፣ ፀሐይና ጨረቃን በአራተኛው ቀን፣ ታዲያ የመጀመሪያው ብርሃን ከየት መጣ? የግሪጎሪ መልስ ጥፊ ነበር። ከሳምንት በኋላ የሚጥል በሽታው ጀመረው። መጽሐፉ ጥፊው አመጣው አይልም። ግን ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጧቸዋል።

ዶስቶየቭስኪ ራሱ ይህ በሽታ ነበረበት። በ1878 ሦስት ዓመት ያልሞላው ልጁ በዚሁ በሽታ ሞተበት። የልጁ ስም አልዮሻ ነበር። ደራሲው የልጁን ስም ለመልካሙ ወንድም ሰጠ። በሽታውን ግን ማንም ለማይወደው ልጅ ሰጠው። ሕፃን ሲንቀጠቀጥ አጠገቡ ቆማችሁ የምታውቁ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባችኋል። የሚጠላውን ሰው ለመሥራት ብሎ ያደረገው አይመስለኝም።

እና ስሜርድያኮቭን ወንድሜ ያለው ማን አለ? አልዮሻ እንኳ አላለውም።

ወለተ ጊዮርጊስ

ይሄን ነገር መጽሐፉ ራሱ ያነሳዋል። አልዮሻ ሚትያን ሲፈልግ ስሜርድያኮቭን ይጠይቀዋል። ስሜርድያኮቭ የእሱ ጠባቂ አይደለሁ፣ በምን አውቃለሁ ዓይነት መልስ ይሰጠዋል። እዚያው ቀን ኢቫን ደግሞ «እኔ የወንድሜ የድሚትሪ ጠባቂ ነኝ ወይ?» ይላል። ወዲያው የቃየን መልስ መሆኑ ትዝ ይለዋል። አንዱ በትምህርት ቤት ያደገ፣ አንዱ በማዕድ ቤት። ቃላቸው ግን አንድ ነው።

ሌላም አለ። ኢቫን ለሦስተኛ ጊዜ ስሜርድያኮቭ ጋ ሲሄድ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን መጽሐፍ አስታውሱ። የሶርያዊው አባ ይስሐቅ መጽሐፍ ነው። ማር ይስሐቅ! በእኛ ገዳማት ከሦስቱ መጻሕፍተ መነኮሳት አንዱ ነው። ለአራዊት፣ ለወፎች፣ ለአጋንንት ሳይቀር የሚራራ ልብ እንዲኖረን የሚያስተምር አባት ነው። የአልዮሻ የገዳም መምህር አባ ዞሲማ ስለ ፍጥረት ሁሉ የሚናገረውም ከዚያ ብዙ የራቀ አይደለም። ግሪጎሪ ያንኑ መጽሐፍ ለዓመታት አንብቦ ምንም አልገባውም ይላል ደራሲው። ስሜርድያኮቭ ደግሞ የሰረቀውን ሦስት ሺህ ሩብል ሸፈነበት። ይህን ሳነብ መጽሐፉን አስቀምጬ ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

አብርሽ

የማር ይስሐቁ ነገር ከባድ ነው። አሁንም ምኞት ወንጀል አይደለም እላለሁ። ግን ደረጃው ላይ መቆሙ ምኞት ብቻ አይደለም፣ ተነስቶ ነው የሄደው። እሺ፣ አንድ ነገር አስረዱኝ። አልዮሻ «አባታችንን የገደልከው አንተ አይደለህም» ሲለው ኢቫን ለምን ተቆጣ? ነጻ ነህ ነው እኮ ያለው።

የሌሊት ተረኛ

ማንም ሳይከሰው አይደለህም ስላለው ነው። አልዮሻ በእነዚህ ሁለት ወራት ብቻህን ስትሆን ገዳዩ እኔ ነኝ እያልክ ነበር ብሎ ነገረው። የደበቀውን አወጣበት። ኢቫንም ከወንድሙ ጋር ተቆራርጦ በዚያው ማታ ስሜርድያኮቭ ጋ ሄደ።

መንገድ ላይ የሆነውን አስታውሱ። አንድ የሰከረ ገበሬ እየዘፈነ ተጋጨው። ኢቫን ገፍትሮ ጣለው። በብርድ ይሞታል ብሎ አሰበና ጥሎት ሄደ። ሲመለስ ግን እዚያው አገኘው። አነሳው፣ ሰው ፈልጎ አስጠለለው፣ ሐኪም እንዲያየው ገንዘብ ከፈለ፣ አንድ ሰዓት ያህል ፈጀበት። ደስ አለው። ከመጽሐፉ ሁሉ ኢቫንን የወደድኩት እዚህ ላይ ነው።

ጡረተኛው ዳኛ

እኔም እወደዋለሁ። ግን ገጹን ቀጥዪ። በዚያ ደስታ ላይ ሆኖ አሁኑኑ ዐቃቤ ሕጉ ጋ ሄጄ ሁሉን ልናገር ወይ ብሎ አሰበ። ከዚያ «ነገ ሁሉንም አንድ ላይ» አለና ወደ ቤቱ ዞረ። ደስታው ወዲያው ጠፋ። ስሜርድያኮቭ የታነቀው ያን ሌሊት ነው።