ኤፒዱራል ላይ መድኃኒቱን በአንዴ ወይስ ከፋፍሎ?

የአንስቴዥያ ተማሪዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ኤፒዱራል (ከአከርካሪው ፈሳሽ ሽፋን ውጭ ባለው ክፍተት የሚሰጥ ሰመመን) ላይ አንዱ አስተማሪያችን ካቴተሩን (መድኃኒቱ የሚገባበትን ቀጭን ቱቦ) ካስገቡ በኋላ በየ5 ሚሊ ሊትሩ ቆም እያሉ ይሰጣሉ። ሌላው አብዛኛውን መድኃኒት በመርፌው ሰጥተው ነው ካቴተሩን የሚያስገቡት፤ ይኼኛው ቶሎ የሚይዝ ይመስለኛል። ለቀዶ ሕክምና የቱ ይሻላል?

ነባር ሰመመን ሰጪ፦
እህቴ፣ በመርፌው መስጠት ጥቂት ደቂቃ ሊያስቀድም ይችላል። እኔ ግን በካቴተር ከፋፍዬ ነው የምሰጠው፤ በዚህ አልደራደርም። የካቴተሩ ጫፍ የት እንዳረፈ በዓይናችን አናይም። ደም ሥር ውስጥ ከሆነ በአንዴ የገባ 15 ሚሊ ሊትር ቡፒቫኬይን (የማደንዘዣ መድኃኒት) ልብ ሊያቆም ይችላል፤ ዱራን (የአከርካሪውን ፈሳሽ የያዘውን ሽፋን) አልፎ ከሆነ ደግሞ ሰመመኑ ወደ ላይ ወጥቶ ታካሚው መተንፈስ ያቅተዋል። ሲሪንጁ ሲሳብ ደም አለመምጣቱ ብቻውን ዋስትና አይሆንም።

ስለዚህ ቴስት ዶዝ (አነስተኛ የሙከራ መጠን) ይቅደም፦ 3 ሚሊ ሊትር 1.5 በመቶ ሊዶኬይን (ሌላ የማደንዘዣ መድኃኒት)፣ 15 ማይክሮግራም አድሬናሊን ያለበት። ደም ሥር ከገባ በአንድ ደቂቃ ገደማ የልብ ምቱ በ20 ያህል ይጨምራል (ቤታ ብሎከር የተባለውን የልብ ምት የሚቀንስ መድኃኒት በሚወስድ ሰው ላይ ላይታይ ይችላል፣ አስቀድመሽ ጠይቂ)። አከርካሪ ፈሳሽ ውስጥ ከገባ በጥቂት ደቂቃ እግር ይከብዳል። ከዚያ ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር እየሰጠሽ፣ በየመሃሉ እየሳብሽ፣ ታካሚውን አነጋግሪ። ጆሮዬ ጮኸ፣ ከንፈሬ ደነዘዘ፣ አፌ ብረት ብረት አለኝ ካለ ወዲያው አቁሚ። ቀስ ማለቱ ለደም ግፊቱም ይበጃል፤ ሲወርድ ቀድመሽ ትደርሺበታለሽ።

የአንስቴዥያ ተማሪዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ። አንድ ጎን ብቻ የሚይዘውስ ከአሰጣጡ ፍጥነት የተነሳ ነው?

የማዋለጃ ክፍል አንስቴቲስት፦
ብዙ ጊዜ ካቴተሩ ከልክ በላይ ስለገባ ነው። ክፍተቱ ውስጥ ከ3 እስከ 5 ሴንቲ ሜትር ይበቃል፤ ካለፈ ወደ ጎን ይሄዳል። በ1 ወይም 2 ሴንቲ ሜትር ሳብ አድርጎ መድኃኒት መጨመር ብዙውን ጊዜ ያስተካክለዋል። ክፍተቱን ስትፈልጊም በአየር ፈንታ ሳላይን (የጨው ውሃ) ብትጠቀሚ እመርጣለሁ፤ ብዙ አየር ከገባ ሳይደነዝዝ የሚቀር ቦታ ሊተው ይችላል።

ነባር ሰመመን ሰጪ፦
በዚህ እስማማለሁ። አንድ ልጨምር፦ ሊዶኬይን ከ10 እስከ 15 ደቂቃ፣ ቡፒቫኬይን ከዚያም በላይ ይፈልጋል። ሐኪሙ ቢቸኩልም በሁለቱም ጎን በበረዶ ሳትፈትሺ «ቀጥሉ» አትበዪ። ለቀዶ ጥገና ወሊድ ቅዝቃዜው እስከ ጡት ጫፍ ከፍታ ድረስ መጥፋት አለበት።