አስቸኳይ፦ የቱንም ብመርጥ የጨዋታዬ ታሪክ አንድ መጨረሻ ላይ ብቻ ይወድቃል

የኮዬዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ነገ ጠዋት 3 ሰዓት ኮዬ ፈጬ ላይ ለሰፈር ልጆች የማሳየው የምርጫ ጨዋታ (ተጫዋቹ እየመረጠ ታሪኩን የሚመራበት የኮምፒውተር ጨዋታ) ተበላሽቶብኛል። ታሪኩ የቱሉ ዲምቱ ታክሲ ረዳት ነው። 6 ጊዜ ይመላለሳል፣ በየጉዞው 3 ምርጫ አለ፣ ማታ የእናቱን እቁብ 500 ብር መጣል አለበት። ምንም ብመርጥ «አልሞላም» የሚለው መጨረሻ ይመጣል! መብራት የለም፣ ላፕቶፑ 41 በመቶ ላይ ነው። እባካችሁ ቶሎ።

ባለ ካሜራው፦ በየትኛው የጨዋታ መሥሪያ ፕሮግራም ነው የሠራሽው? ትዋይን? ሬንፓይ? ኢንክ? ይሄን ሳናውቅ መገመት ብቻ ነው የሚሆነው።

ጋሽ ተውኔት፦ ልጄ፣ ከማሽኑ በፊት ታሪኩን እይው። አርስቶትል ታሪክ መጀመሪያ፣ መካከልና መጨረሻ ይኑረው ያለው ዝም ብሎ አይደለም፤ አንዱ ሌላውን ይውለደው ማለቱ ነው። ጀርመናዊው ጉስታቭ ፍራይታግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1863 ተውኔትን በ5 ክፍል አስቀመጠው፦ መግቢያ፣ ዳገት፣ ጫፍ፣ ቁልቁለት፣ መደምደሚያ። የአንቺ ረዳት ዳገቱ የት ነው? 6ቱም ጉዞ እኩል ከሆነ ሜዳ ላይ ነው የምታስኬጅው። 4ኛውን ጉዞ ከ1ኛው ጋር ብታቀያይሪው ታሪኩ ካልተናጋ፣ ችግሩ እዚያ ነው።

ለገጣፎ 3፦ መንገዱን ሁሉ ለየብቻ ጻፊው። 3 ምርጫ፣ እያንዳንዱ ወደ ራሱ ገጽ፣ ከዚያ ወደ ራሱ መጨረሻ። አትቀላቅይው።

የሰበታው፦ እንዴት አድርጋ ለነገ ትጨርሰው? ምርጫዎቹ ካልተገናኙ 1ኛው ጉዞ 3 ገጽ፣ 2ኛው 9፣ ከዚያ 27፣ 81፣ 243፣ 729። ድምሩ 1092 ገጽ ነው። የሚጫወተው ልጅ ደግሞ ከዚያ ውስጥ 6ቱን ብቻ ነው የሚያየው። ከየጉዞው በኋላ ወደ ታክሲ ተራው ከተመለሰ ግን 18 የጉዞ ገጽ፣ ተራው ራሱና 3 መጨረሻ ይበቃል፤ 22 ገጽ።

የኮዬዋ፦ ይቅርታ፣ ትዋይን ነው፣ ሃርሎው በሚባለው የትዋይን ፎርማት። እንደ ሰበታው ነው የሠራሁት፣ ሁሌም «ታክሲ ተራ» ወደሚለው ገጽ ይመለሳል። ከ6ኛው ጉዞ በኋላ ብቻ በቀጥታ ወደ ማታው ገጽ ይሄዳል። ጋሼ፣ አመሰግናለሁ፣ ያሉትን ይዣለሁ፤ አሁን ግን መጨረሻው ይሥራልኝ።

ባለ ካሜራው፦ ማታው ገጽ ላይ የብሩን ቫሪያብል (ጨዋታው የብሩን መጠን የሚይዝበትን) አስጽፊና 6ቱንም ጊዜ ብዙ ብር የሚያስገኘውን ምርጫ ምረጪ። ስንት ይላል?

የኮዬዋ፦ 220! ትርፍ መጫን 120 ያስገኛል፣ መነሻው 100 ብር ነው። 820 መሆን ነበረበት።

ባለ ካሜራው፦ ተገኘ። 220 ማለት 100 ሲደመር የመጨረሻው ጉዞ 120 ብቻ ነው። «ብር 100 ይሁን» የሚለውን ትእዛዝ የጻፍሽው ታክሲ ተራው ገጽ ላይ ነው፣ ምክንያቱም ጨዋታው የሚጀምረው እዚያ ነው። ረዳቱ በተመለሰ ቁጥር ገጹ እንደ አዲስ ይነበባል፣ ኪሱም ወደ 100 ይመለሳል። የጉዞ ቆጣሪው ያልተበላሸው እዚያ ገጽ ላይ መነሻ ቁጥር ስላልሰጠሽው ነው፤ ሃርሎው መነሻ ያልተሰጠውን ቫሪያብል 0 አድርጎ ይወስዳል።

እንዲህ አድርጊ። አዲስ ገጽ ክፈቺና «ስታርትአፕ» (startup) የሚል ታግ፣ ማለትም የገጽ መለያ፣ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በትንንሹ ጻፊበት። የብሩን፣ የቆጣሪውንና የሌላውን ሁሉ መነሻ ወደዚያ አዛውሪ፣ ከታክሲ ተራው ደግሞ አጥፊው። ያ ገጽ ጨዋታው ሲከፈት አንዴ ብቻ ይሠራል። ከመሃል ገጽ ጀምረሽ ስትፈትሺም ብሩ 0 ሆኖ አያሳስትሽም።

ጀሞ ጀሞ፦ ወራጅ አለ! እኔን አንድ ነገር ግራ ገባኝ። ምርጫ ለምን አስፈለገ? ልጆቹ ታሪክ ነው የሚፈልጉት። አጭር ፊልም አድርጊው፣ ቅደም ተከተሉን አንቺ ትይዣለሽ፣ ማንም አያበላሽብሽም።

የሰበታው፦ ጀሞ፣ በፊልም ላይ ልክ ነህ፤ ምክንያትና ውጤቱን የሚይዘው ኤዲተሩ የደረደረው ቅደም ተከተል ነው። በጨዋታ መካከሉ የተጫዋቹ ስለሆነ ምክንያቱን የሚይዘው ጨዋታው የሚያስታውሰው ነገር ነው። ያልታወሰ ምርጫ ተመልካቹ ላይ ምንም አያመጣም። የእሷ ታሪክ የተሰበረው ታክሲ ተራው ሁሉን ስለረሳ እንጂ ምርጫ ስላለው አይደለም።

የኮዬዋ፣ ኮዱ ቢስተካከልም ግን ሂሳቡ ታሪኩን ይገድልብሻል። መሃለኛው ምርጫ ስንት ነው?

የኮዬዋ፦ 70። ትንሹ 40።

የሰበታው፦ እንግዲህ እይው። 6 ጊዜ 70 ሲደመር 100፣ 520 ነው። መሃል መሃሉን የነካ ልጅ አንዴም ሳይጨነቅ እቁቡን ይጥላል። እቁቡን 600 አድርጊው። አሁን መሃለኛው ብቻውን አይበቃም፤ አንዴ ትርፍ ቢጭን 570፣ ሁለቴ ቢጭን 620። ስለዚህ ቢያንስ ሁለቴ ትርፍ መጫን ግድ ይለዋል። ጋሽ ተውኔት ዳገት ያሉት ይሄው ነው።

ከዚያ «ትርፍ» የሚል ሌላ ቆጣሪ ጨምሪ። 2 ሲሞላ 5ኛው ጉዞ ላይ ትራፊክ ፖሊስ ያስቁመው፣ ወይም በትርፍ ተጭነው ቆመው የሄዱት አንዲት እናት ታክሲ ተራው ላይ ይጠብቁት። ተራ አስከባሪውም በየምላሹ ሌላ ነገር ይበል። 1ኛው ላይ «እደግ!»፣ 3ኛው ላይ «ዛሬ ሰው አማረረብህ»፣ 5ኛው ላይ ዝም ብሎ ይየው። ለዚህ 3 አረፍተ ነገር ይበቃሻል፣ አዲስ ገጽ አትክፈቺ።

ጋሽ ተውኔት፦ ይህ ልጅ ገብቶታል። ዝምታውን በተለይ እንዳትተይው።

አያት 49፦ ጃፓኖች ኪሾቴንኬትሱ የሚሉት ባለ 4 ክፍል አካሄድም ይጠቅምሻል፦ ማስተዋወቅ፣ ማሳደግ፣ መጠምዘዝ፣ መቋጨት። የጃፓኑ ጌም ኩባንያ የኒንቴንዶ ዲዛይነር ኮይቺ ሃያሺዳ የሱፐር ማሪዮን ደረጃዎች በዚህ እንደሚነድፉ ተናግሯል። ስለዚህ ትርፍ መጫንን 1ኛው ጉዞ ላይ ቅጣት በሌለበት አስተምሪው፣ 3ኛው ላይ አክብጂው፣ 5ኛው ላይ አዙሪበት።

ለገጣፎ 3፦ አሁንም ለየብቻ መጻፍ ይሻላል ባይ ነኝ። ደግሞ ስታርትአፕ የሚለውን ታግ አትርሺ።

ባለ ካሜራው፦ እሱን ብያለሁ 🙂 የቀረው አንድ ነገር ነው። በብሮውዘር ላይ የምትሠሪ ከሆነ ጽሑፉ ያለው ብሮውዘሩ ማከማቻ ውስጥ ብቻ ነው፤ የብሮውዘሩ ዳታ ሲጸዳ አብሮ ይጠፋል። ባትሪው ሳያልቅ አርካይቩን (የሥራሽን ቅጂ) አውርጂ። ከዚያ ፐብሊሽ በይውና የሚወጣውን አንድ ፋይል በፍላሽም በስልክም ያዢው። ያለ ኢንተርኔት ይከፈታል።

ባለ ካሜራው፦ የኮዬዋ፣ 6ቱንም ትርፍ ጭነሽ ሞከርሽው? 820 አለ?

አያት 49፦ መብራት እኛም ጋ ጠፍቷል።